የመስታወት መጥረጊያ ጎማ በቀየርሁ ማግስት መስመር እየተወብኝ ስለተቸገርሁ ምክር እጠይቃለሁ

ጠያቂ፦ ሐይቅ ዳር ጽዳት (ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ)

ጤና ይስጥልኝ። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ሆነን በባሕር ዳር የሕንፃ መስታወት በማጽዳት መተዳደር ከጀመርን ሁለተኛ ዓመታችንን ይዘናል። የምንሠራው በአብዛኛው ሐይቁ ዳር ባሉ የእንግዳ ማረፊያዎችና ዘንባባ በተተከለባቸው ዋና መንገዶች ዳር በቆሙ ባለ ሦስትና ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች ላይ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የምንጠቀመው ከገበያ የሚገኘውን፣ ጎማው ከፕላስቲክ እጀታው ጋር ተጣብቆ የሚሸጠውን መጥረጊያ ስለነበር ጎማው ሲያልቅ መጥረጊያውን እንዳለ ጥለን ሌላ እንገዛ ነበር። በቅርቡ ግን አንድ ዘመዴ ጎማቸው እየተቀየረ የሚሠሩ ሁለት የናስ መጥረጊያዎችን፣ አንዱን ባለ 35፣ ሌላውን ባለ 45 ሳንቲ ሜትር፣ ከአምስት ትርፍ ጎማዎች ጋር ከአዲስ አበባ ላከልኝ።

ከመጥረጊያዎቹ ጋር ተገጥሞ የመጣው ጎማ ሦስት ሳምንት ያህል ያለ አንዳች እንከን ሠራልን። ችግሩ የጀመረው እኔ ራሴ ጎማ ከቀየርሁ በኋላ ነው። አዲሱ ጎማ በናሱ ቦይ ውስጥ አልገባ ስላለኝ ጫፉን በፒንሳ ይዤ እየወጠርሁ ሳብሁት፤ ከገባም በኋላ ከናሱ ጫፍ ጋር እኩል አድርጌ በቤት መቀስ ቆረጥሁት። ያን ዕለት ደኅና ሠራ። በማግስቱ ግን መጥረጊያው ባለፈበት ሁሉ በግራና በቀኝ ጣት የሚያህል የውሃ መስመር ይተው ጀመር፤ ሦስተኛው ክፍል ላይ ስደርስም ሲጥ የሚል የብረት ድምፅ ሰማሁ። ጠጋ ብዬ ባየው ሰማያዊው አንጸባራቂ መስታወት ላይ የፀጉር ያህል የቀጠነ ጭረት ወጥቶበታል።

ሁለተኛውን ጎማ ያበላሸሁት በሌላ መንገድ ነው። ቀለም ቀቢዎች ሥራቸውን ጨርሰው በሄዱበት ፎቅ ላይ የተረጨውን የዘይት ቀለም በነጭ ጋዝ ካስለቀቅሁ በኋላ መስታወቱን በሳሙና ሳላጥብ በዚያው መጥረጊያ ሳብሁት። ማታ ዕቃ ስሰበስብ ጎማው አብጦ፣ መስታወቱን የሚነካው ቀጭን ከንፈሩም ዳር እስከ ዳር ተጥመልምሎ አገኘሁት። ሦስተኛውን እንዳላባክን ፈርቼ ከባጃጅ ከመነዳሪ ቆርጬ ለመግጠም ሞክሬ ነበር፤ እሱ ጭራሽ ውሃውን ከማንሣት ይልቅ መስታወቱ ላይ ይለቀልቀዋል።

አሁን ሦስት ጎማ ብቻ ቀርቶኛል፤ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤትም ሥራውን እንደገና እንድንሠራላቸው ጠይቀዋል፣ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነው። ጎማው ሲገጠም መወጠር አለበት ወይስ የለበትም? ከናሱ አልፎ ምን ያህል መውጣት አለበት? የሚቀረው መስመር ከጎማው ይሁን ከመስታወቱ ወይም ከእጄ አያያዝ በምን ይታወቃል? አንድ ጎማስ ምን ያህል ጊዜ ያገለግላል? በሥራው የቆያችሁ ወንድሞችና እህቶች የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ውለታችሁን አልረሳም።


መልስ፦ የናስ እጀታ (ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ)

ወንድሜ፣ በዕድሜ እንደምበልጥህ ስለገመትሁ አንተ ብልህ ቅር እንዳይልህ። በዚህ ሥራ 14 ዓመት ቆይቻለሁ፤ ያበላሸሃቸውን ሁለት ጎማዎች እኔም በጊዜዬ በዚያው መንገድ አበላሽቻቸዋለሁ።

ስለ አገጣጠሙ ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር እንድታስተውል እፈልጋለሁ። ውሃውን የሚያነሣው የከንፈሩ ጥግ ነው። አዲስ ጎማ ከንፈሩ ጫፍ ላይ እንደ ሣጥን ጠርዝ ስል የሆኑ ሁለት ጥጎች አሉት፤ መጥረጊያውን መስታወቱ ላይ አሳርፈህ ስትስበው ከንፈሩ ጥቂት ይጎብጥና ከሁለቱ ጥጎች አንዱ ብቻ መስታወቱን ይነካል። ያ ጥግ ሲዶለዱም፣ ሲሸረፍ ወይም ሲጥመለመል ውሃ በሥሩ ያመልጣል፤ መስታወቱ ሲደርቅ መስመር ሆኖ የሚታይህም ያመለጠው ውሃ ነው። ነጭ ጋዙ ያደረገውም ይህንኑ ነው፤ ጎማ ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚንና ዘይት እየጠጣ ያብጣል፣ ያበጠ ጎማ ደግሞ ጥጉ አይመለስለትም። ያን ጎማ ጣለው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄህ ስመለስ፣ ጎማው አይወጠርም። ተወጥሮ የገባ ጎማ ሌሊቱን ወደ ራሱ ርዝመት ይመለሳል፤ ስለዚህ ትናንት ከናሱ ጋር እኩል የነበረው ጫፍ ዛሬ ወደ ውስጥ ገብቶ የናሱ ጥግ ራቁቱን ይቀራል። በግራና በቀኝ የቀረው የውሃ መስመርም፣ ሲጥ ያለው ድምፅም፣ መስታወቱ ላይ የወጣው ጭረትም ሁሉም የመጡት ከዚሁ ከመወጠሩ ነው።

እኔ የምገጥመው እንዲህ ነው። በእጀታው ላይ ያሉትን ሁለት ብሎኖች በካቻቢቴ አላላለሁ እንጂ ጨርሼ አልፈታቸውም፤ ናሱን ከእጀታው አውጥቼ አሮጌውን ጎማ በአንድ በኩል አንሸራትቼ አስወጣዋለሁ። ቦዩን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና ውሃ አጥባለሁ፤ በውስጡ የደረቀ ሳሙና ወይም አሸዋ ከቀረ ጎማውን ከሥር እየገፋ ከንፈሩን ስለሚያጎብጠው ይህ ሊታለፍ አይገባም። ከዚያ አዲሱን ጎማ በሳሙና ውሃ አርሼ ወፍራሙን ጀርባውን በቦዩ አፍ አስገባና በአንድ እጄ ከኋላ እየገፋሁ በሌላው ከፊት በቀስታ እመራዋለሁ። ፒንሳ አያስፈልግም፤ በእጅ አልገባ ካለ ቦዩ ቆሽሿል ወይም አንድ ቦታ ተጨፍልቋል ማለት ነው። ቀጭኑን ከንፈር ይዞ መሳብ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። ጎማው ዳር እስከ ዳር ከገባ በኋላ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ይዤ ከመሃል ወደ ሁለቱ ጫፎች ሁለት ሦስት ጊዜ በቀስታ እደባብሰዋለሁ፤ አንዱ ቦታ ተሰብስቦ ሌላው ተለጥጦ እንደሆነ በዚህ ይስተካከላል። ቀጥዬ አሥር ደቂቃ ያህል አስቀምጠውና ሻይ እጠጣለሁ፤ ጎማው ሊሰበሰብ ያለው ነገር ካለ ሳልቆርጠው በፊት ይሰበሰባል።

የሚቆረጠው ከዚህ በኋላ ነው። በእያንዳንዱ ጫፍ 3 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ማለትም ከክብሪት እንጨት ውፍረት ትንሽ በለጥ ብሎ ከናሱ አልፎ መውጣት አለበት። ከዚያ ካነሰ ናሱ የመስኮቱን ፍሬምና መስታወቱን ይነካል፤ በጣም ከበዛ ደግሞ ጫፉ ይታጠፍና ውሃውን ወደ ጎን ይረጨዋል። ቆረጣው ጎማውን ጣውላ ላይ አስተኝቶ፣ በአዲስ ምላጭ፣ በአንድ ጊዜ፣ ከከንፈሩ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርቶ ነው። መቀስ ጎማውን ጨምቆ ስለሚቆርጠው ጫፉ ይንጋደዳል፤ የተንጋደደ ጫፍ ፍሬሙ ሥር ሲደርስ ውሃ ትቶ ያልፋል። በመጨረሻ ናሱን መሃል ለመሃል አድርጌ እጀታው ውስጥ እመልስና ብሎኖቹን አጠብቃለሁ፤ የእጀታው ቆንጥጦ መያዝ ነው ጎማው ወዲያና ወዲህ እንዳይሸሽ የሚያደርገው። ሲጠናቀቅ አናጢ የጣውላን ቀጥነት እንደሚያይ አንድ ዓይንህን ጨፍነህ በከንፈሩ አግድም ተመልከት። መሃሉ ላይ እብጠት ወይም ሞገድ ከታየህ ብሎኑን ከመጠን በላይ አጥብቀሃል፤ ላላ አድርገው።

መስመሩ ከምን እንደመጣ ለመለየት የምጠቀምበት ዘዴ ቀላል ነው። መስታወቱን እንደገና አርጥበህ መጥረጊያውን አራት ጣት ያህል ወደ ቀኝ አዛውረህ ሳበው። መስመሩ አብሮ ከተዛወረ ጥፋቱ የጎማው ነው፤ ያንኑ ነጥብ በጥፍርህ ብትዳስሰው ትንሽ ሽራፊ ወይም የተጣበቀ አሸዋ ታገኛለህ። መስመሩ በቦታው ከቀረ መስታወቱ ላይ የቀለም፣ የሲሊኮን ወይም የሲሚንቶ ቅሪት አለ። መስመሩ በዚህም በዚያም ሳይመጣ አንዴ እየታየ አንዴ የሚጠፋ ከሆነ ግን እጅህን መርምር። በጣም የምትጫን ከሆነ ከንፈሩ ይተኛና በጥጉ መሥራቱ ቀርቶ በሆዱ ይለቀልቃል። እጀታው ከመስታወቱ ጋር ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያህል ቢጋደል ይበቃል፤ ጎማው እየዘለለ "ድርር" ካለህ አንግሉ ቆሟል ወይም ሳሙናው አንሷል።

ስለ ዕድሜው በቀን ቆጥሬ ልነግርህ አልችልም፤ እንደ መስታወቱ ንጽሕና ይለያያል። እኔ አንዱ ጥግ ሲዶለዱም ጎማውን አውጥቼ ጫፉን ወደ ጫፉ አዙሬ እመልሰዋለሁ፤ ያኔ ያልሠራው ጥግ ወደ መስታወቱ ይመጣል። ሁለቱም ሲያልቁ ለፎቅ ሥራ አልጠቀምበትም፤ የመታጠቢያ ቤት ወለል ለመጥረግ ግን ያገለግለኛል።


ጠያቂ፦ ሐይቅ ዳር ጽዳት

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ አንተ ማለትዎ ደስ አለኝ እንጂ ቅር አላለኝም። ያሉትን አንብቤ የመጀመሪያውን ጎማ አወጣሁትና ከአዲስ ጎማ ጋር ጎን ለጎን አስተኛሁት። ናሱን በሜትር ስለካው በልኩ 35 ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ ጎማው ግን 34 ከግማሽ ብቻ ነው። እንግዲህ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ሸሽቶብኛል ማለት ነው። የናሱ አንድ ጥግም በጣት ሲዳሰስ ይሻክራል። ይህ መስታወቱን የጫረው ይመስለኛል፤ ይስተካከላል ወይስ ናሱን መጣል አለብኝ?


መልስ፦ መስታወት ገጣሚ (ባሕር ዳር)

የአልሙኒየምና የመስታወት ገጠማ ሥራ ስለምሠራ ስለ ናሱና ስለ ጭረቱ የማውቀውን ልጨምር። ናሱን አትጣለው። ለስላሳ ብረት ስለሆነ በቀላሉ የሚሻክረውን ያህል በቀላሉ ይስተካከላል። ጎማውን አውጥተህ የሻከረውን ጥግ በቀጭን ሞረድ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ቀለል አድርገህ ዳስሰው፤ ከዚያ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሰውና ዱቄቱን እጠበው። በጆሮህ ጀርባ ወይም በከንፈርህ ብትነካው ሳይቆረቁርህ ሲቀር ተስተካክሏል። ቦዩ አንድ ቦታ ተጨፍልቆ እንደሆነ ግን በፒንሳ ለመክፈት አትሞክር፤ የፒንሳው ጥርስ ሌላ ሽራፊ ይፈጥራል። ጠፍጣፋ ካቻቢቴ አስገብቶ ቀስ በቀስ ማላቀቅ ይሻላል።

የናስ መጥረጊያ ለምን እንደዚህ እንደተሠራ ማወቅ አያያዙን ለመረዳት ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በፊት የነበረው መጥረጊያ ከባድ ብረትና ሁለት ጎማዎች የነበሩት ሲሆን ጎማውን ለመቀየር 12 ብሎኖች መፈታት ነበረባቸው። ኤቶሬ ስቴኮኔ የተባለ በካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ይኖር የነበረ ከጣሊያን የሄደ መስታወት አጽጂ በ1936 እ.ኤ.አ. ቀላል የናስ አካልና አንድ ስል ጎማ ብቻ ያለውን መጥረጊያ ፈጠረ። ዛሬ በእጅህ ያለው ከዚያ ብዙም አልራቀም። ሥራውን ሁሉ አንድ ከንፈር እንዲሠራው የተደረገ ስለሆነ ያ ከንፈር ቢበላሽ የሚደግፈው ሌላ የለም፤ በአንጻሩ መቀየሩ ስለቀለለ ያለቀ ጎማ ይዞ የሚሠራበት ምክንያት የለም።

ስለ ሰማያዊው መስታወት ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንጸባራቂ የሚያደርገው ስስ ሽፋን በአንዳንዱ መስታወት በውስጥ በኩል፣ በአንዳንዱ በውጪ በኩል ነው። ለማወቅ የእርሳስ ጫፍ መስታወቱ ላይ አስነካና ምስሉን ተመልከት፤ የእርሳሱ ጫፍና የምስሉ ጫፍ ከተገናኙ ሽፋኑ አንተ ባለህበት በኩል ነው፤ በመካከላቸው ክፍተት ከታየ ሽፋኑ በወዲያኛው በኩል ነው። ሽፋኑ ባለበት በኩል ምላጭም ሆነ የብረት ሱፍ እንዳይነካው። ሽፋኑ ላይ የወጣ ጭረት በመወልወል አይጠፋም፤ ለባለቤቱ በግልጽ መናገር ይሻላል።


መልስ፦ ሀውስኪፒንግ (ባሕር ዳር)

ከላይ የተሰጡት መልሶች አገጣጠሙን በሚገባ አስረድተዋል። እኔ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል የጽዳት ኃላፊ ሆኜ ስለምሠራ፣ ጎማው በትክክል ተገጥሞም እዚህ ከተማ ውስጥ ቶሎ የሚያልቅበትን ምክንያት ብነግርዎ ይጠቅምዎ ይሆናል ብዬ ነው የምጽፍልዎ።

የመጀመሪያው ውሃው ነው። የቧንቧ ውሃ በሚጠፋበት ቀን ሠራተኞቼ ከሐይቁ በጀሪካን ቀድተው ይሠሩ ነበር። በተለይ በክረምት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራና ርብ አፈር ይዘው ስለሚገቡ የጣና ውሃ ደፍርሶ ይሰነብታል፤ በዚያ ውሃ የሚሠራ ጎማ ጥጉ በደቃቅ አሸዋ ይበላል። ይህን የተገነዘብሁት አንድ ቀን ጎማውን በነጭ ፎጣ ስጠርገው ፎጣው ላይ ቡናማ መስመር አሳርፎ ሳይ ነው፤ መስመሩን በጣቴ ባሸው ቀጨቀጨ። ከዚያ ወዲህ የግድ ከሆነብን አሳድረን፣ ከላይ ከላይ ቀድተን፣ በነጠላ ጨርቅ አጥልለን ካልሆነ አንጠቀምም።

ሁለተኛው የሌሊቱ ነፍሳት ናቸው። ከሐይቁ የሚነሡት ጥቃቅን ነፍሳት መብራት ወዳለበት መስታወት ተሰብስበው ያድራሉ፤ ጠዋት መስታወቱ ላይ ሞተው ተጣብቀው፣ የሸረሪት ድርም ተጠላልፎባቸው ይገኛሉ። አንዲት ደረቅ ክንፍ ከንፈሩ ሥር ከገባች ከላይ እስከ ታች መስመር ይዛ ትወርዳለች። ስለዚህ አስቀድመን ድሩን በደረቅ ብሩሽ እንጠርጋለን፤ ከዚያ መስታወቱን በሳሙና ውሃ አርሰን ሁለት ደቂቃ ያህል እንዲረጥብ እንተወዋለን፤ አሽተን ካስለቀቅን በኋላ እንደገና አርጥበን ነው ጎማውን የምናነሣው። ጎማ ውሃ ለማንሣት የተሠራ ስለሆነ ቆሻሻ መፋቂያ ሊሆን አይገባውም፤ መፋቁን ስፖንጁ ይሥራው።

ሳሙናን በተመለከተ በ10 ሊትር ባልዲ አንድ የሾርባ ማንኪያ ላርጎ ይበቃናል። የዱቄት ሳሙና አንጠቀምም፤ ያልሟሟው ቅንጣት ከአሸዋ አይለይም። በረኪና ከጎማው ጋር እንዲገናኝ አንፈቅድም፤ ጎማውን እያደረቀ ይሰነጣጥቀዋል። ዓሣ የሚጠበስበት ክፍል አጠገብ ያሉት መስታወቶች የዘይት ስስ ሽፋን ስለሚይዙ እነሱን የምናጸዳው በመጨረሻ ነው፤ እንደጨረስንም ጎማውን በላርጎ እናጥበዋለን።

ስለ ፀሐይም መናገር አለብኝ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ፀሐይዋ ከሙቀቷ ይልቅ በብርሃኗ ትበረታለች፤ የጎማ ትልቁ ጠላትም ይህ ብርሃን ነው። መጥረጊያዎቹን ከሥራ በኋላ በረንዳ ላይ ማሳረፍ ከልክያለሁ። ታጥበው፣ በጥላ ደርቀው፣ ከንፈራቸው ምንም ሳይነካ ተንጠልጥለው ያድራሉ። ትርፍ ጎማዎቹን ቀጥ ብለው እንዲተኙ በፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ውስጥ አስገብቼ ጨለማ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ተጠቅልሎ የከረመ ጎማ ሲገጠምም ጠመዝማዛነቱን አይረሳም። ለሥራም ጥላውን መከተል ይሻላል፤ በምዕራብ በኩል ያለውን ጠዋት፣ በምሥራቅ በኩል ያለውን ከሰዓት በኋላ። በሐይቁ በኩል ያለውን ግን ነፋሱ ሳይነሣ በጠዋት እንጨርሰዋለን፣ ነፋሱ ውሃውን ከጎማው ቀድሞ ያደርቀዋልና።

ጎማ ሲገዙ ለስለስ ያለውን ቢመርጡ መልካም ነው፤ ለእኛ የተሻለ ውሃ ያነሣልናል።


መልስ፦ የናስ እጀታ

የሆቴሉን የጽዳት ኃላፊ የእመቤቲቱን ምክር ከልቤ እደግፋለሁ፤ ስለ ሐይቁ ውሃ የተናገሩትን እኔም አላነሣሁትም ነበር። በመጨረሻው ነጥብ ላይ ግን የተለየ ሐሳብ አለኝ። ለስላሳ ጎማ ለቀዝቃዛ መስታወትና ለቤት ውስጥ ሥራ ጥሩ ነው፤ የሆቴሉ መስታወት በአብዛኛው በጥላ ውስጥ ስለሚሠራ ለእርሳቸው መስማማቱ አይደንቅም። በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይ ባሞቀው የውጪ መስታወት ላይ ግን ለስላሳው የበለጠ ይልፈሰፈስና መስታወቱን ይዞ አልንቀሳቀስ ይላል። ለውጪ ሥራ ጠንከር ያለው ይሻላል፤ ቀለል ብሎም ይሄዳል፣ ጥጉንም ለረጅም ጊዜ ይይዛል። ሁለቱንም መያዝ የሚችል ሰው ሁለቱንም ይያዝ።

ከመነዳሪውን በተመለከተ፣ እንዳትደክምበት። ጎማው ክብ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ተቆርጦም መጉበጥ ይፈልጋል፤ ፊቱም ለስላሳ አይደለም፣ ውፍረቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ስል ጥግ ሊወጣው አይችልም። ገንዘብ ለመቆጠብ ከፈለግህ ረጅሙን ጎማ ገዝተህ ራስህ ቁረጥ። ነገር ግን ስሌቱን አስተውል፤ ናስህ በልኩ 35 ከሆነ ለአንዱ 35 ሳንቲ ሜትር ከ6 ሚሊ ሜትር ያስፈልግሃል፣ ስለዚህ ከ105 ሳንቲ ሜትር ጎማ ሦስት አገኛለሁ ብለህ እንዳትቆርጥ። ሦስተኛው ያጥርሃል።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። አሳሳቡን ስትጀምር የመስታወቱን የላይኛውን ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል በጨርቅ አድርቀው። ደረቅ ጎማ ከደረቅ ቦታ ተነሥቶ ወደ እርጥቡ ሲገባ ንጹሕ ይወርዳል፤ ከእርጥብ ከተነሣ ግን የመጀመሪያዋ ጠብታ ከኋላው ትቀራለች። በየስበቱ መጨረሻ ከንፈሩን በማይክሮፋይበር ጨርቅ አንዴ ጥረገው፤ ቀጣዩን ስበት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል በቀደመው ላይ አደራርበው።


ጠያቂ፦ ሐይቅ ዳር ጽዳት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ያደረግሁትንም ለመናገር ነው የተመለስሁት። ቅዳሜ ማታ ናሱን ሞርጄ፣ ቦዩን በጥርስ ብሩሽ ሳጥብ ከውስጡ የወጣው ጥቁር ጭቃ የሻይ ማንኪያ ይሞላ ነበር። ጎማው አልገባም ያለኝ ለካ ለዚህ ኖሯል። ሦስተኛውን ጎማ በሳሙና ውሃ አርሼ ስገፋው ያለ ፒንሳ ገባ። አሥር ደቂቃ አስቀምጬ ሳየው በአንዱ ጫፍ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ተሰብስቦ ነበር፤ ሳልቆርጠው በመቆየቴ ደስ አለኝ። ከዚያ በአዲስ ምላጭ ቆረጥሁትና በአንድ ዓይኔ አየሁት፤ ቀጥ ብሏል።

እሑድን አሳልፈን ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነፋሱ ሳይነሣ የእንግዳ ማረፊያውን የሐይቅ በኩል ጀመርን። የዳር መስመሩ ጠፍቷል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግን በአንድ መስኮት መሃል አንዲት ቀጭን መስመር አልለቅ አለችኝ። በተነገረኝ መሠረት መስታወቱን አርጥቤ መጥረጊያውን አራት ጣት አዛወርሁት፤ መስመሯ ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም። በጥፍሬ ስዳስሳት ከፍሬሙ ተስባ የወረደች የሲሊኮን ክር ሆና አገኘኋት። በእርሳስ ስፈትሽ ሽፋኑ በውጪ በኩል ስለሆነ ምላጭ አላነሣሁም፤ ረዘም ላለ ጊዜ በሳሙና ውሃ አርሼ በአውራ ጣቴ እያንከባለልሁ አስለቀቅኋት።

ስለ ጭረቱ ለባለቤቱ መስኮቱን ራሴ አሳይቼ፣ እንዴት እንደደረሰም ሳልሸሽግ ነገርኋቸው። ዝም ብለው ጥቂት ተመለከቱትና ከዋጋው እንድንቀንስላቸው ተስማማን። ባለ 45ቱን ናስ ነገ ማታ አጥባለሁ፤ የእሱም ቦይ እንዲሁ ሳይሞላ አይቀርም።